ብቻዋን 18 ዓመት የኖረችው የደሴቷ ሴት

ውድ ልጆች፣ ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናትን አንዲት ብርቱ ሴት ነው። በታሪክ የምትታወቀው ሁዋና ማሪያ ተብላ ነው፤ ነገር ግን ይህ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ስታነቡ ይገባችኋል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩላችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አገሯ ሳን ኒኮላስ የምትባል ትንሽ ደሴት ነች። ከካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ነፋስ የማያጣት፣ ዛፍ የሌላት ያህል የሆነች ደሴት ነች። ዛሬ ሎስ አንጀለስ ባለችበት አካባቢና በአንዳንድ ሌሎች ደሴቶች የሚኖሩት ቶንግቫዎች ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ ቋንቋቸውም ይዛመድ ነበር። የደሴቷ ሰዎች እርሻ የላቸውም፤ የሚኖሩት በዓሣ ማጥመድ፣ በአደንና ሥራ ሥር በመልቀም ነበር።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። በ1810ዎቹ፣ የሩሲያ ኩባንያ ከአላስካ ያመጣቸው አዳኞች ኦተር የሚባለውን ባለ ጠጉር የባሕር እንስሳ ፍለጋ ደሴቷ ላይ ወረዱ። ከነዋሪው ጋር ተጣሉና ብዙ ሰው ገደሉ። በ1835 አንዲት መርከብ መጥታ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ጭና ሄደች። ይህቺ ሴት ግን ቀረች። ልጇን ፍለጋ ወደ ኋላ ተመልሳ ነው ይባላል።

መርከቧ ዳግመኛ አልመጣችም። እስቲ እንቁጠረው ልጆች፤ 18 ዓመት ማለት ከ6,500 ቀን በላይ ነው! ሱቅ የለ፣ ክብሪት የለ። ታዲያ በምን ኖረች?

እናቶቿና አባቶቿ ባስተማሯት እውቀት ነዋ! ድንጋይ ላይ የሚጣበቀውን አባሎኒ የሚባል ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ታላቅቃለች። የደሴቷ ሰዎች ከቅርፊቱ የዓሣ መንጠቆ ይሠሩ ነበር። አቆስጣንም ትበላለች፤ አቆስጣ ማለት ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ወፍራም ስብ ያለው እንስሳ ነው። ስቡን ቆራርጣ፣ ከጅማት በተሠራ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች፤ ልክ እኛ ቋንጣ እንደምንሰቅለው ማለት ነው። ለችግር ቀን የሚሆናትንም ታስቀምጣለች።

እንጨት ስለሌለ ቤቷን የሠራችው ከዓሣ ነባሪ አጥንት ነው። ቀሚሷ ደግሞ ኮርሞራንት ከሚባል የባሕር ወፍ ቆዳ ከነላባው የተሰፋ ነበር። የውሃ መያዣዋስ? ከሣር ትጎነጉነዋለች። ከዚያ ሬንጅ ውስጡ ትጨምርና ትኩስ ጠጠር ትከትበታለች። ሬንጁ ሲቀልጥ እያዟዟረች ውስጡን ትለቀልቀዋለች። አንዲት ጠብታ አያፈስም!

በ1853 ጆርጅ ኒደቨር የሚባል አዳኝ ከባልደረቦቹ ጋር ደሴቷ ላይ አገኛት። ሲደርሱባት ከአቆስጣ ቆዳ ላይ ስብ እየፋቀች ነበር። ዕድሜዋ ወደ 50 ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። አልሸሸችም፤ ፈገግ ብላ ተቀበለቻቸው። ወዲያው የለቀመችውን ሥራ ሥር እሳት ላይ ጠብሳ እንዲበሉ ጋበዘቻቸው። ያን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ኖራ እንኳ እንግዳ መቀበል አልረሳችም!

ሳንታ ባርባራ ወደምትባለው ከተማ ወሰዷትና በኒደቨር ቤት ተቀመጠች። ፈረስ ስታይ ተደነቀች፤ ሰው ያመጣላትን ስጦታ ለልጆች ታድል ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ችግር ገጠማት። በዚያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች እንደጻፉት፣ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ተጠርተው መጥተው ቢያነጋግሯትም ቋንቋዋ በቅጡ የገባው ሰው አልተገኘም። የምታወራው በምልክት ነበር። ብዙ የምትነግራቸው ነበራት፤ የሚሰማት ግን አጣች።

ምግቡም ኑሮውም ተለወጠባትና ሆዷን ታመመች። ከመጣች ሰባት ሳምንት ሳይሞላ ይሁን እንደሞላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1853 አረፈች። ሁዋና ማሪያ የሚለው ስም የተሰጣት ስትቀበር ነው። በሕይወት ሳለች የምትጠራበትን ስም የመዘገበላት የለም። ከንግግሯ ተጽፈው የቀሩት ቃላት አራት ብቻ ናቸው፦ ቁርበት፣ ሰው፣ ሰማይና ሰውነት የሚሉት። ሰውን ናቼ ትለው ነበር።

አሜሪካ የምትማሩ ልጆች በ1960 የታተመውን፣ ስኮት ኦዴል የደረሰውን «የሰማያዊ ዶልፊኖች ደሴት» የሚለውን ልብ ወለድ በትምህርት ቤታችሁ ታነቡት ይሆናል። የተጻፈው የእሷን ታሪክ መነሻ አድርጎ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ እውቀቷ 18 ዓመት አኖራት። ቋንቋዋን የሚሰማ ሲጠፋ ግን እውቀቷም አብሯት ተቀበረ። እናንተ እኮ ዕድለኞች ናችሁ፤ የምትጠይቋቸው ሰዎች ቤታችሁ ውስጥ አሉ።

የቤት ሥራ፦ ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለአያታችሁ ስልክ ደውላችሁም ቢሆን ቋንጣ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠይቁ። ከነገሯችሁ ውስጥ ከዚህ በፊት የማታውቋቸውን አራት የአማርኛ ቃላት ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ክፍል ይዛችሁ ኑ።

ደኅና ሰንብቱ!