ቶልስቶይና የቤቱ ማዕድ

ሊዮ ቶልስቶይ የታላላቅ ልብ ወለድ ድርሰቶች ደራሲ መሆኑን የማያውቅ አስተማሪ አይገኝም፤ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ራሱ ያስተምር እንደ ነበረም ብዙዎቻችን ሰምተናል። ብዙ ሳይነገርለት የቀረው ግን በገዛ ቤቱ ማዕድ ላይ ያመጣው ለውጥና ይህ ለውጥ በቤተ ሰቡ መካከል ያስከተለው ነገር ነው። በማስተማር ሥራ ለተሰማራን ሰዎች ይህ ክፍል ከድርሰቶቹ ባላነሰ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶልስቶይ በ1828 ዓ.ም. ከቱላ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በያስናያ ፖልያና ርስት ከመሳፍንት ወገን ተወለደ። እናትና አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱበት ያሳደጉት ዘመዶቹ ነበሩ። በካዛን ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ትምህርት ሳይጨርስ ተወ፤ በሴቫስቶፖልም ጦርነት በመኮንንነት ተሰለፈ። በ1859 በርስቱ ላይ የከፈተው ትምህርት ቤት ቅጣት የሌለበት፣ ለቤት የሚሰጥ ሥራ የሌለበት፣ ልጁ በፈቃዱ የሚመጣበትና በፈቃዱ የሚሄድበት ነበር። በግድ የተማሩት ነገር በልብ አያድርም የሚለው እምነቱ እስከ መጨረሻው አልተለየውም። በ1862 የ18 ዓመት ወጣት የነበረችውን ሶፍያ ቤርስን አግብቶ 13 ልጆች ወለዱ፤ ከእነዚህ 8ቱ አደጉ።

በዚያን ዘመን ቤቱ እንደ ማናቸውም የሩሲያ ባላባት ቤት ሥጋ የማይታጣበት ነበር፤ ጌታውም አደን እጅግ ይወድ ነበር። በ1858 ያቆሰላት ድብ ግንባሩን ነክሳ ልትገድለው ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ይህንኑም ታሪክ ለልጆች ባዘጋጀው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ጽፎታል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ያደረበት ጭንቀት ሁሉን ነገር አናወጠበት። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጾሙን ሁሉ አጥብቆ ጾመ። ልጁ ኢልያ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ቤተ ሰቡ የጾም ምግብ ሲበላ አባቱ ለማይጾሙት የቀረበውን የሥጋ ጥብስ ወደ እርሱ እንዲያሳልፍለት ጠየቀና በላ፤ ከዚያ ወዲያ አልጾመም። ሥርዓቱን በሥጋ የሻረው ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥጋን ጨርሶ መተዉ የሚያስደንቅ ነው።

የተወውም በ1885 ገደማ ነው። በዚያ ዓመት ዊልያም ፍሬይ የሚል ስም የያዘ፣ በአሜሪካ ብዙ ዓመት የኖረ ሩሲያዊ ወደ ያስናያ ፖልያና መጥቶ ከሥጋ ተከልክሎ ስለ መኖር አጫወተው። ቶልስቶይ ነገሩን ወዲያው ተቀበለ፤ አደኑንም ተወ። ሴቶች ልጆቹ ታትያናና ማርያ ተከተሉት፤ ሌሎቹ ልጆች ግን አብዛኞቹ በቀድሞው ማዕድ ጸኑ። እናቲቱ ሶፍያ ከቶ አልተከተለችም።

እርሷን ብዙ ጸሐፊዎች ግትር አድርገው ይሥሏታል፤ እኔ ግን ፍርዱ ለእርሷ የሚያደላ ይመስለኛል። ባል ሐሳቡን ሲለውጥ የድስቱን ቁጥር የምትለውጠው ሚስት ናት። በዚያ ትልቅ ቤት በየቀኑ ሁለት ዓይነት ምግብ መሰናዳት ነበረበት፤ በአንድ በኩል ሥጋው፣ በሌላ በኩል የአጃ ገንፎው፣ እንቁላሉ፣ እንጉዳዩና የአትክልት ሾርባው። ወጪው እንደ ጨመረ፣ የሠራተኞቹም ድካም እጥፍ እንደ ሆነ በምሬት ጽፋለች፤ የባሏ የሆድ ሕመም ከዚህ አመጋገብ የመጣ እየመሰላት ትሠጋ፣ ለሴቶች ልጆቿም ጤና ትጨነቅ ነበር። በእኛ አገር በክርስቲያኑ ቤት ጾም ሲገባ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይገባል፤ ሽሮውም ምስሩም የታወቀ ነውና ወጥ ቤቷ ግራ አትጋባም። የሩሲያም ገበሬ እንዲሁ ነበር። ቶልስቶይ ግን ልማዱ ሳይኖር፣ በአንድ ሰው ኅሊና ብቻ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነገር ወደ ቤቱ አስገባ።

ይሁን እንጂ ሥጋ በቤቱ እንዳይገባ አልከለከለም። ይህን ለማድረግ ሥልጣኑ ነበረው፤ የዘመኑ ሕግም የቤቱን ጌታ የሚደግፍ ነበር። እርሱ የመረጠው መንገድ በዓይን አይቶ መናገርን ነበር። በ1891 ወደ ቱላ ቄራ ሄዶ ከብቶች ሲታረዱ ተመለከተ፤ አብሮት እንዲሄድ የጠየቀው ደግና ገራም ወዳጁ፣ ራሱ አዳኝ ሆኖ ሳለ፣ እርዱን ማየት አልችልም ብሎ ቀረ። ቶልስቶይ ይህን ሁሉ በ1892 በታተመው «የመጀመሪያው እርምጃ» በተባለው ጽሑፉ አተተ፤ መልካም ኑሮ የራሱ ተራ አለው፣ ተራውም ሆድን ከመግታት ይጀምራል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

በማዕዱ ላይ ግን ሁልጊዜ እንዲህ በቁም ነገር አይናገርም ነበር። ልጁ አሌክሳንድራ እንደምትተርከው፣ መብል የምትወድ አክስታቸው በእንግድነት መጥታ ሥጋ ስላጣች ተቆጥታ ዶሮ እንዲቀርብላት አዘዘች። በሌላ ጊዜ ለምሳ ስትመጣ ከወንበሯ እግር ላይ የታሰረች ሕያው ዶሮ፣ ከሳሕኗም አጠገብ ትልቅ ቢላዋ አገኘች። ከቤቱ ሰዎች የሚያርዳት ስለ ጠፋ ለእርሷ የተተወላት መሆኑ ተነገራት። ሳቁ ቤቱን እንደ ሞላው አያጠራጥርም፤ አክስቲቱ ግን ሥጋ መብላቷን ተወች የሚል ወሬ የለም።

በ1891 መኸር ረኀብ በሩሲያ በገባ ጊዜ ቶልስቶይ ታትያናንና ማርያን ይዞ ወደ ራያዛን አውራጃ ወረደና ለገበሬዎች ነጻ የምግብ ቤቶች አቋቋመ፤ ቁጥራቸውም ከ200 በላይ ደረሰ። የሚቀርበው ዳቦ፣ የጎመን ሾርባ፣ ድንችና አተር ነበር። ሶፍያ በሞስኮ ሆና በጋዜጣ ባወጣችው ልመና ብዙ ገንዘብ ሰበሰበች። በቤት ማዕድ የተለያዩት ባልና ሚስት በረኀብተኛው ማዕድ አንድ ልብ ሆኑ።

በ1910 ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ከጆሃንስበርግ አጠገብ በቶልስቶይ ስም የተሰየመ እርሻ መሠረተ። ክርስቲያኖቹና እስላሞቹ ቤተ ሰቦች ሥጋ ቢጠይቁ ሊፈቅድላቸው ወስኖ ነበር፤ ተጠይቀው ግን ሁሉም ሥጋ በሌለበት በአንድ ወጥ ቤት ለመብላት ተስማሙ፤ ጋንዲም ልጆቻቸውን በዚያው አስተማረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የ82 ዓመቱ ቶልስቶይ ከሚስቱ ጋር በሌላ ጉዳይ፣ በኑዛዜውና በማስታወሻዎቹ ምክንያት፣ ጠቡ ስለ ከረረ ሐኪሙን ማኮቪትስኪን ይዞ በሌሊት ከቤቱ ወጣ፤ በአስታፖቮ የባቡር ጣቢያም ታሞ ሞተ። የተቀበረው በያስናያ ፖልያና ዱር ውስጥ ነው። ሶፍያ እስከ 1919 በዚያው ቤት ኖረች፤ በ1921ም ቤቱ ቤተ መዘክር ሆነ።