ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ አዲስ የሥዕል ቋንቋ ይዞ የመጣው ሠዓሊ

ደብረ ወርቅ፦ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ የምትገኘው ጥንታዊቷ ደብረ ወርቅ ማርያም በሥዕሎቿና በብራና መጻሕፍቷ ትታወቃለች። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉው ደግሞ በአንድ ዓይን በጎኑ ይሣላል። ምእመኑም ሥዕሉን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ከዚህ ባህል ወጥቶ ኢትዮጵያውያንን ከዘመናዊው ረቂቅ ሥዕል ጋር ካስተዋወቁት ቀዳሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ የቀለምን ነገር በቤቱ እያየ አደገ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቢገባም ልቡ ወደ ሥዕል ስላደላ ትምህርቱን አቋረጠ። እ.ኤ.አ በ1957 ወደ ጀርመን አቅንቶ በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብን ተማረ።

ወደ ሀገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምርና ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ክርክር ተነሣ። መልክና ቅርጽ ለይቶ ማየት የለመደ ተመልካች ቀለምና መስመር ብቻ ያለበት ሸራ እንግዳ ሆነበት፤ ሥራው የባዕድ ነው ያሉም ነበሩ። እርሱ ግን ከሀገሩ አልራቀም። እ.ኤ.አ በ1963 የሣለው ጎልጎታ ቀይ ቀለም የገነነበት የስቅለት ሥዕል ነው። ታሪኩ በየአድባራቱ ግድግዳ ያለው ነው፤ የተለወጠው አነጋገሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ።

ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ነበር። ስለ ሀገር ፍቅርና ናፍቆት የጻፈው ሀገሬ የተሰኘው ግጥሙ ሥዕሎቹን አይተው በማያውቁ ዘንድ እንኳ ስሙን አኑሯል። ዕጣው ግን ስደት ሆነ። በደርግ ዘመን ሀገሩን ጥሎ ወጥቶ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ላውተን ከተማ፣ መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም ዐረፈ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ሠዓሊው ባይመለስም በጀርመን የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ ሀገር ቤት ገብተዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። በአንድ ወቅት እንግዳ የተባለው ሥራ አሁን የሀገር ቅርስ ሆኖ ይጠበቃል። የጥንቱን ሥዕል የሚጠብቁ አድባራትና የአዲሱን የሚጠብቀው ሙዚየም ለመጪው ትውልድ የሚያቆዩት አንድ ሀብት ነው።