ሸብ ሃስኒ፦ በኦራን የተቀጨው የፍቅር ድምፅ

የአልጄሪያ ወጣቶች የናፍቆት አንደበት የነበረው ድምጻዊ ሸብ ሃስኒ የተገደለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1994 ነበር። በጥይት የወደቀው ተወልዶ ባደገበት በኦራን ከተማ፣ በጋምቤታ ሰፈር ሲሆን ዕድሜው ገና 26 ዓመት ነበር።

ሃስኒ ሸክሩን በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በዚህችው ከተማ ከሠራተኛ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 1 ቀን 1968 ተወለደ። በልጅነቱ እግር ኳስ ይጫወት ነበር፤ ጉዳት ከሜዳ ሲያርቀው ግን ፊቱን ወደ ሙዚቃ አዞረ። የመረጠው የኦራን ስልት የሆነውን ራይን ነበር። ቃሉ በዐረብኛ አስተያየት ማለት ሲሆን፣ ማየትን ከሚያመለክተው ከግእዙ ርእየ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሸብ ደግሞ ወጣት ማለት ነው፤ አዲሶቹ የራይ ዘፋኞች ሼክ ከሚባሉት ነባር ድምጻውያን የሚለዩበት መጠሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ከድምጻዊት ሻባ ዛሁዋኒያ ጋር በሠራው ዘፈን ስሙ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ለስለስ ባለ ዜማ ፍቅርንና መለየትን እያዜመ ከመቶ በላይ ካሴቶች አሳተመ። ከሥራዎቹ አንዱ የሆነው «ኤል ቪዛ» ከሚወዳት የተለየና የመግቢያ ፈቃድ የቸገረው ሰው ብሶት ነው። ባሕሩን ማዶ ለማዶ እያዩ መሻገር ላልቻሉ ወጣቶች ዘፈኑ የራሳቸው ታሪክ ነበር።

በዚያው ዘመን አገሪቱ ታመሰች። በኦክቶበር 1988 ሥራ አጥነትና የኑሮ ውድነት ያስመረራቸው ወጣቶች መንግሥትን ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ሠራዊቱ ተኩስ ከፈተ፤ በርካቶችም ሞቱ። በጃንዋሪ 1992 ምርጫው ሲሰረዝ ተቃውሞው ወደ ጦር መሣሪያ ትግል ተሸጋገረ። መንግሥትን የሚወጉ ታጣቂዎችም ጋዜጠኞችንና የጥበብ ሰዎችን ማሳደድ ጀመሩ።

ሃስኒ የፖለቲካ ዘፋኝ አልነበረም። ሆኖም ስለ ፍቅር በግልጽ ማዜሙ ብቻውን በአክራሪዎቹ ዘንድ እንደ በደል ተቆጠረ። ታዋቂ የራይ ድምጻውያን ወደ ፈረንሳይ ሲሻገሩ እርሱ ግን ከኦራን አልራቀም። የነጻነት ቀን በሆነው በጁላይ 5 ቀን 1993 በአልጀርስ ስታዲየም ባቀረበው ኮንሰርት እጅግ ብዙ ሕዝብ ታደመ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ድምጻዊ ሉነስ ማቱብ በካቢሊያ በታጣቂዎች በታገተ በአራተኛው ቀን፣ ሃስኒ በቤተሰቦቹ መኖሪያ አቅራቢያ ተገደለ። በቀብሩ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሐዘንተኞች ተገኙ። አምስት ወር ሳይሞላም የራይ ሙዚቃ አሳታሚው ራሺድ ባባ አሕመድ በዚያችው ከተማ በጥይት ተገደለ።

ገዳዮቹ ዝም ሊያሰኙት የፈለጉት ድምፅ ግን ዛሬም በኦራን ሠርጎችና በስደተኛው ቤት ይሰማል። በ26 ዓመት ዕድሜው የተቀረጹት ዜማዎች ከእርሱ በኋላ በተወለዱ ልጆች አፍ ላይ ናቸው።