የምድርን መናወጥ የመዘገቡት ካህን፦ አባ ፒየር ጉዋን

በጎንደር ፋሲል ግቢ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያውን አጥቶ ከቆመ ዘመናት አልፈዋል። ለጉዳቱ ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1704 እ.ኤ.አ. በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የቦምቡን ጉዳት የዘመኑ ሰዎች በዓይናቸው አይተው ለልጆቻቸው ነግረዋል። የርዕደ መሬት ወሬ ግን በብራና ላይ ከተጻፈ ጥቂት ቃል በቀር ብዙ ጊዜ ምስክር የለውም። እንዲህ ያለውን ጥንታዊ ወሬ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ለቅመው፣ በሳይንስ ሚዛን መዝነው በአንድ መጽሐፍ የሰበሰቡት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው።

ጉዋን የኩቤክ ሰው ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቶችን መልሶ ለማቋቋም የካናዳ ኢየሱሳውያንን በጋበዙ ጊዜ፣ በሉሲየን ማት የሚመራው ማኅበር በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም ማት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጉዋን በዚሁ ኮሌጅ ከሠሩት የማኅበሩ አባላት አንዱ ነበሩ።

በ1957 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ለእሳቸው ታላቅ አጋጣሚ ሆነ። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ የዓለም ሊቃውንት በዚያ አካባቢ የሚደረግን ልኬት አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ጉዋን በአራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ጣቢያውን አቋቁመው የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። ጣቢያው የተወለደው መግነጢስን ለመለካት እንጂ ርዕደ መሬትን ለመጠበቅ አልነበረም። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ በሰነጠቃት አገር የሚሠራ የምድር ተመራማሪ የእግሩን ሥር ሳያዳምጥ ሊቀር አይችልምና፣ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ ብዙም ሳይቆይ ተተከለ።

ፈተናው ለመምጣት አልዘገየም። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ወር ጀምሮ በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ካራቆሬና አካባቢዋ ለወራት ተናወጡ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ መንገዱ ተሰነጠቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያለ መጠለያ ቀረ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳት።

በሁለቱ አደጋዎች መካከል የጣቢያው አቅም ተለውጦ ነበር። አሜሪካውያን ከመሬት በታች የሚደረጉ የኑክሌር ሙከራዎችን ለመለየት አንድ ዓይነት መሣሪያ በዓለም ዙሪያ ሲያሠራጩ አዲስ አበባም ደረሳት። ለጦር ሥጋት የተሠራ መሣሪያ ለማጀቴና ለሰርዶ ዓይነት ከተሞች መጥቀሙ የዘመኑ ግርምት ነው። መሣሪያው ስድስት መመዝገቢያዎች ነበሩት። ሦስቱ ፈጣኑን፣ ሦስቱ ደግሞ ዝግተኛውን ንዝረት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይከታተላሉ። ቀጭን ብርሃን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት መስመሩን ይጽፋል። የፈጣኑ ንዝረት ወረቀት በደቂቃ 60 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ከበሮው በ15 ደቂቃ አንዴ ይዞራል፤ በአንድ ቀን 96 መስመር ይሞላል ማለት ነው። ወረቀቱ በየቀኑ ተነሥቶ በጨለማ ክፍል መታጠብ ነበረበት።

የጣቢያው ኃላፊ ትልቁ ውሳኔ መሣሪያው የምድርን እንቅስቃሴ ስንት እጥፍ አጉልቶ ይጻፍ የሚለው ነበር። ማስተካከያው በየደረጃው እጥፍ እየሆነ ይወጣል፤ ከ12,500 ወደ 25,000፣ ከዚያም ወደ 50,000። አብዝተው ቢያጎሉት የመኪናና የነፋስ ንዝረት ወረቀቱን ያጠቁረዋል፤ የሩቁ ርዕደ መሬትም በዚያ ውስጥ ይጠፋል። አብዝተው ቢቀንሱት ደግሞ ትንንሾቹ ንዝረቶች ሳይታዩ ያልፋሉ። በከተማ መካከል ለቆመ ጣቢያ ይህ ምርጫ ይበልጥ ከባድ ነው። የማጉያው መጠን በትክክል ካልታወቀም የርዕደ መሬቱን ኃይል ማስላት አይቻልም፤ ስለዚህ የታወቀ መጠን ያለው የፍተሻ ምት በመዝገቡ ላይ ይጻፋል።

የሰዓቱ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። የርዕደ መሬት የመጀመሪያው ሞገድ በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የአንድ ሰከንድ ስሕተት መነሻውን በኪሎ ሜትሮች ያርቃል። ሁለተኛው ሞገድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ያመለክታል። በጎንደር ምድር ቢናወጥ አራት ኪሎ ባለው ወረቀት ላይ በሁለቱ መካከል ወደ 50 ሰከንድ የሚጠጋ ክፍተት ይታይ ነበር።

ጉዋን በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የካራቆሬንና የሰርዶን መነሻ ቦታዎች እንደ አዲስ አስልተው አቀረቡ። ይህ የቁጥር እርማት ብቻ አልነበረም። የትኛው ስንጥቅ እንደተንቀሳቀሰ ካልታወቀ የፈረሰችው ከተማ እዚያው ትሠራ ወይስ ትነሣ የሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገሪቱን በርዕደ መሬት ሥጋት መጠን የሚከፋፍል ጥናት አሳተሙ። ከጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር ጋርም የአገሪቱን የስበት ልኬት አብረው ሠርተዋል።

መሣሪያ የሚናገረው ግን ከተተከለበት ቀን ወዲህ ብቻ ነው። ጉዋን ስለ ቀደሙት ዘመናት የነገሥታቱን ዜና መዋዕሎች ጠየቁ። በዚያ ያለ ወሬ ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። የግእዙ ድልቅልቅ የሚለው ቃል እውነተኛ ርዕደ መሬት ሊሆን ይችላል፤ የመሬት መንሸራተት ወይም የጸሐፊው ምሳሌያዊ አነጋገርም ሊሆን ይችላል። የሰሜን ጎንደር ገደላማ ምድር በክረምት ሲናድ ያየ ገበሬ ልዩነቱን ይረዳዋል። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ መጽሐፋቸው በ1979 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

ጣቢያውን ከእሳቸው በኋላ ዶክተር ላዕከ ማርያም አስፋው ለረጅም ዓመታት መርተውታል። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ሲሆን፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትናወጥ ሕዝቡ መረጃ የሚጠብቀው ከዚያ ነው።

ጉዋን ወደ ካናዳ ከተመለሱ በኋላም መዝገብ ማገላበጣቸውን አልተዉም። ከ1534 እስከ መጋቢት 1925 እ.ኤ.አ. በኩቤክ የደረሱትን ርዕደ መሬቶች በተመሳሳይ መንገድ አጣርተው በ2001 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ አሳተሙ።