ሻንጣዬና አባ ጎርጎርዮስ

የባቻችን ልጆች፣ ለምርምር ጀርመን ስሄድ ሻንጣዬ ጠፍቶ፣ የሚቀጥለው በረራም አምልጦኝ ኤርፖርት ወንበር ላይ እንዳደርኩ ሰምታችኋል። ያኔ ምን ያህል ተማርሬ ነበር መሰላችሁ! ያጽናኑኝ ታሪካቸውን ላጠና የሄድኩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

አባ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ካቶሊኮች ሲባረሩ ከአገር ወጥተው ሮም ገቡ። እዚያም በ1649 እ.ኤ.አ. ግዕዝ ለመማር የጓጓ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኛቸው። በ1652 ሉዶልፍ ጋ ለመድረስ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጎታ ድረስ ተጓዙ፤ አማርኛውንም፣ የአገራቸውን ታሪክና ልማድም አንድ በአንድ አስረዱት። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነስተው ሳለ አሌክሳንድሬታ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ሉዶልፍ ከሳቸው በተማረው ላይ ተመሥርቶ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1698 ነው።

የኔ ሻንጣ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። መመለሴን ግን፣ የሚከለክለኝ ሳይኖር፣ ዘንድሮ ከርሞ እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። ይኸው ለዘንድሮው መገናኛችን ትኬት ቆርጫለሁ። ሻንጣው ከፈለገ ይጥፋ፤ ብቻ እኔ ልድረስ።