አል-ኸዋሪዝሚ፦ ውርስን በዲርሃም ያሰላው ሊቅ

ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ (ረሒመሁላህ) የተወለደው እ.ኤ.አ. 780 ገደማ ነው። መጠሪያው ከአራል ባሕር በስተደቡብ ካለው የኸዋሪዝም ምድር የመጣ ነው። ስለ ልጅነቱና ስለ ቤተሰቡ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ የምናውቀው በሥራው ነው። ከ813 እስከ 833 በገዛው በዐባሲዩ ኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ባግዳድ በበይቱል ሒክማ ሠርቷል። የሥነ ፈለክ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል፣ ስለ ምድር አቀማመጥ ጽፏል፣ በሕንዶች አኃዝ ማስላትንም አስተምሯል።

ከሁሉም የገነነው ግን በኸሊፋው ማበረታቻ የጻፈው የአል-ጀብር ወል-ሙቃበላ ኪታብ ነው። ዛሬ ተማሪ የሚፈራው ኤክስ እዚያ ውስጥ የለም፤ ቁጥሩ ሳይቀር የተጻፈው በቃል ነው። ያልታወቀውን «ነገር» ይለዋል፣ የታወቀውን በዲርሃም ይቆጥረዋል። ያሰባቸውም ውርስ የሚያካፍሉ፣ የሚነግዱ፣ የሚካሰሱ፣ መሬት የሚለኩና ቦይ የሚቆፍሩ ሰዎችን ነው። የኪታቡ ግማሽ ያህል ስለ ወሲያና ውርስ ነው። የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ዘለው ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ልቡ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

አንዱን ጥያቄ እንይ። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ሞተ። የሀብቱን ሲሶ ወራሽ ላልሆነ ሰው ተናዟል። በእጅ ያለው 10 ዲርሃም ነው፤ ሌላ 10 ዲርሃም በአንደኛው ልጅ ላይ ያለ ዕዳ ነው፣ ልጁም የሚከፍለው የለውም። ሀብቱን 20 ብለን ለሦስት ብንከፍለው ለሁለቱ ሰዎች የሚሰጠው ገንዘብ አይበቃም። 10 ብቻ ብለን ብናካፍል ደግሞ ባለዕዳው ዕዳውን እንደያዘ ከወንድሙ እኩል ይወስዳል፤ አንዱ ሐቁን ያጣል።

አል-ኸዋሪዝሚ እንዲህ አሰበ፦ የባለዕዳው ድርሻ ከራሱ ዕዳ ላይ ይያዝለት። ድርሻው ስለማይታወቅ «ነገር» ይባል። እንግዲህ የሚካፈለው ሀብት 10 ዲርሃምና አንድ ነገር ነው። ሲሶው ለተናዘዘለት ሰው ይወጣል፤ ቀሪው ለወንድማማቾቹ እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው ሲሶ ይደርሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ከ10 ዲርሃምና ከአንድ ነገር ጋር እኩል ነው። ከሁለቱም ወገን አንድ ነገር እናንሳ፤ ሙቃበላ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ነገር 10 ዲርሃም ሆነ፣ ነገሩም 5። የተናዘዘለት ሰው 5 ዲርሃም በእጁ ይቀበላል፣ ዕዳ የሌለበት ልጅም 5፤ ለባለዕዳው ከዕዳው ላይ 5 ይቀነስለታል። የቀረው 5 በእጅ ስለሌለ በዚህ ክፍፍል አልገባም።

አል-ኸዋሪዝሚ 850 ገደማ ሞተ። በ1145 የቼስተሩ ሮበርት ኪታቡን ወደ ላቲን ሲመልሰው የውርሱን ክፍል አላካተተም። አውሮፓ አል-ጀብር ከሚለው አልጀብራን፣ ከስሙም አልጎሪዝምን ወሰደች። የውርሱ ክፍል በእንግሊዝኛ የታተመው ፍሬድሪክ ሮዘን በ1831 ሙሉውን ሲተረጉመው ነው።