ኮርኔሌዎስ ቫን ዳይክ፤ የቤይሩቱ ሐኪምና የሰማይ ተመልካች

ዳዊት ለሚደግም ሰው ሊባኖስ እንግዳ አገር አይደለም። ዝግባው በየመዝሙሩ፥ በረዶው በነቢያት መጽሐፍ ይነሣል፤ በአገራችንም በሸዋ ያለው ታላቁ ገዳም በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ከሊባኖስ ተራራ እግር ሥር በባሕር ዳር ስለ ተቀመጠችው ስለ ቤይሩት ከተማ፥ ከተማይቱም በቱርክ መንግሥት ሥር ሳለች በዚያ ስለ ኖሩ አንድ ሐኪም በእኛ ዘንድ የሚታወቀው ጥቂት ነው። እኒህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዐረብኛ ከመለሱት ሊቃውንት አንዱ ሲሆኑ፥ ማታ ማታ ደግሞ በገዛ ገንዘባቸው በገዙት መሣሪያ ከዋክብትን ይመለከቱ ነበር። ሁለቱ ሥራ በአንድ ሰው ልብ እንዴት አብሮ እንደ ኖረ፥ ኋላም በሽምግልናቸው ዘመን ምን እንዳስከፈላቸው ለማሳየት ታሪካቸውን በአጭሩ እንጽፋለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ኮርኔሌዎስ ቫን ዳይክ በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ ግዛት፥ ኪንደርሁክ በምትባል መንደር በኦገስት 13 ቀን 1818 ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሆላንድ የፈለሱ ሰዎች ዘር ናቸው። አባታቸው የገጠር ሐኪም ነበሩ፤ ለወዳጃቸው ዋስ ሆነው ገንዘባቸውን ሁሉ እንዳጡ ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ልጁ መጽሐፍ እየተዋሱ ተማሩ። በመንደራቸው ዙሪያ የሚበቅለውን ዕፅና ሣር ሁሉ እየለቀሙ፥ እያደረቁ፥ በየስሙ እየለዩ ያከማቹ እንደ ነበረ ይተረካል። ገና በወጣትነታቸውም ኬሚስትሪን ለሴቶች ልጆች አስተምረዋል ይባላል። ከፍ ያለ የትምህርት ማስረጃ ያገኙት ግን በሕክምና ብቻ ነው፤ እርሱንም በፊላደልፊያ ከተማ ከጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ በ1839 ተቀበሉ። ሥነ ፈለክን የተማሩት ራሳቸውን በራሳቸው እያስተማሩ ነው። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስ እንለምናለን፤ ኋላ በምሥራቅ አገር የሥነ ፈለክ አባት እስከ መባል የደረሱት ሰው በዚህ ሙያ ማንም ዲፕሎማ የሰጣቸው አልነበሩምና።

በአሜሪካ የፕሮቴስታንት ሚስዮን ተልከው በአፕሪል 2 ቀን 1840 ቤይሩት በደረሱ ጊዜ ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ዓመት ነበር። ቤይሩት ያን ጊዜ በቅጥር የተከበበች ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚያው ዓመት በመከር ወራት የእንግሊዝና የአጋሮቿ መርከቦች ከተማይቱን በመድፍ ደበደቧት፤ ወጣቱ ሐኪም በአገሩ ገና ሳይደላደሉ ጦርነት ተነሣ።

ከሁሉ አስቀድሞ የደከሙበት ነገር ቋንቋው ነው። በዚህ ረገድ የረዳቸው ቡጥሮስ አልቡስታኒ የሚባል የሊባኖስ ተወላጅ ነበር፤ እርሱም በዕድሜ በአንድ ዓመት ያህል የሚያንሳቸው፥ በማሮናውያን ትምህርት ቤት ያደገ ሊቅ ነው። ሁለቱ ጐልማሶች በአንድ ቤት አብረው ኖሩ፤ ወዳጅነታቸውም አልቡስታኒ በ1883 እስኪሞት ድረስ አልተቋረጠም። በቀብሩ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጠየቁ፥ በዐረብኛ ንግግር የታወቁት እኒያ ሰው እንባ አሸንፏቸው ከጥቂት ቃል በቀር መናገር ተሳናቸው።

ከቤይሩት በስተ ደቡብ ምሥራቅ በተራራው ላይ አበይህ የምትባል መንደር አለች። ቫን ዳይክና አልቡስታኒ በ1840ዎቹ ዓመታት በዚያ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ተማሪዎች ተሰበሰቡ፤ መጽሐፍ ግን አልነበረም። በዚያን ጊዜ የዐዲሱ ዘመን ሳይንስ በዐረብኛ የተጻፈበት መማሪያ መጽሐፍ በሊባኖስ ትምህርት ቤቶች በቀላሉ የሚገኝ አልነበረምና፥ መምህሩ ለነገ የሚያስተምሩትን ዛሬ ማታ መጻፍ ነበረባቸው። ጂኦግራፊን፥ አልጀብራን፥ ጂኦሜትሪን እንዲህ አድርገው በተራ ጻፉ፤ የጂኦግራፊው መጽሐፍ በ1852 ታተመ። የገዳም ተማሪ ይህን ድካም ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ የሚያጠናውን በገዛ እጁ ያልገለበጠ ከእኛ መካከል ማን ነው?

በ1857 መጀመሪያ ዔሊ ስሚዝ የተባሉት ሚስዮናዊ ሞቱ። እርሳቸው ከአልቡስታኒና ናሲፍ አልያዚጂ ከሚባል የቋንቋ ሊቅ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዐረብኛ መመለስ ጀምረው ነበር። ሥራው በቫን ዳይክ ትከሻ ላይ ወደቀ። የዕብራይስጡንና የግሪኩን ንባብ እያስተያዩ፥ ቃሉን እየመዘኑ ቀጠሉ፤ የዐረብኛውን ጥራት እንዲያርምላቸውም ዩሱፍ አልአሲር የተባለውን፥ በካይሮ በአልአዝሃር የተማረውን የእስላም ሼህ መረጡ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። አዲስ ኪዳን በ1860 ታተመ። በዚያው ዓመት በተራራው ላይ በድሩዞችና በማሮናውያን መካከል እልቂት ሆኖ ስደተኞች ወደ ቤይሩት ይጎርፉ ነበር። ብሉይ ኪዳን በ1864 ተፈጽሞ በማግሥቱ ዓመት ሙሉው መጽሐፍ ወጣ። ይኸው ትርጓሜ እስከ ዛሬ በዐረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዘንድ በሰፊው ይነበባል። ይህ ብቻ ቢሆን ለአንድ ሰው ዕድሜ በቂ በሆነ ነበር።

እርሳቸው ግን ገና ወደ ሰማዩ አልደረሱም። የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ በቤይሩት በ1866 ተከፈተ፤ ከ1920 ወዲህ የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ይህ ነው። ዶክተር ቫን ዳይክ በሕክምናው ክፍል የበሽታን ጠባይ የሚመረምረውን ትምህርት እንዲያስተምሩ ተሾሙ። የኬሚስትሪ መምህር ገና አልነበረምና ያንንም እርሳቸው አስተማሩ፥ መጽሐፉንም ጻፉ። ሥነ ፈለክንም ጨመሩ፤ የዚህም መጽሐፍ በ1874 ታተመ። ኮሌጁ በዚያው ጊዜ ገደማ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ወዳለው፥ ያን ጊዜ የከተማው ዳር ወደ ነበረው ወደ ራስ ቤይሩት ሲዛወር፥ በባሕሩ አንጻር ባለው ከፍታ ላይ የክዋክብት መመልከቻ ቤት ተሠራ። ለሕንጻው ገንዘብ የሰጡት በእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ከተማ ሰው ሄንሪ ሊ ስለ ነበሩ በስማቸው ይጠራል። ውስጡን በመሣሪያ የሞሉት ግን አብዛኛውን ከኪሳቸው እያወጡ ቫን ዳይክ ናቸው።

እንዲህ ባለው ቤት ምን ይሠራ እንደ ነበረ ጥቂት እንግለጽ። አንድ የታወቀ ኮከብ በሰሜንና በደቡብ መካከል የተዘረጋውን የቀትር መሥመር ሲያልፍ በመነጽር ይጠበቃል፤ ያለፈበት ቅጽበት ይመዘገባል፤ በዚያም ሰዓቱ ይታረማል። የገዳም አባቶች ሌሊቱን በክዋክብት፥ ቀኑን በእግር ጥላ እየለኩ የጸሎቱን ሰዓት ይለዩ እንደ ነበረው ማለት ነው፤ ልዩነቱ በመስተዋቱና በሰከንዱ ትክክለኛነት ነው። ከዚህም ጋር የነፋሱ አቅጣጫ፥ የአየሩ ክብደት፥ ሙቀቱና ዝናሙ በየቀኑ ይጻፍ ነበር።

በዚህ ትምህርት አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። አውሮፓውያን ዛሬም ብዙዎቹን ከዋክብት የሚጠሩባቸው ስሞች፥ አልደባራን፥ ቬጋ፥ አልታይር የመሳሰሉት፥ ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። ጥበቡ በመካከለኛው ዘመን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሄዶ ነበር፤ እኒህ ሐኪም ደግሞ ያደገውን ጥበብ በዐረብኛ ልብስ መልሰው አመጡት። እኛም የአቡሻኽርን የዘመን ቍጥር መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ስላገኘነው የዚህ መንገድ ተካፋዮች ነን። ቫን ዳይክም የጥንቱን አልናቁም፤ አልራዚ የተባለው የጥንት ሐኪም ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ የጻፈውን የዐረብኛ መጽሐፍ ራሳቸው አሳትመዋል።

ከተማሪዎቻቸው መካከል ፋሪስ ኒምር በመመልከቻው ቤት ረዳታቸው ነበር። ኒምርና ጓደኛው ያዕቆብ ሠሩፍ በ1876 ስለ ሳይንስና ስለ ጥበብ የምትናገር መጽሔት ማውጣት በፈለጉ ጊዜ ስሟን ያወጡላት መምህራቸው ናቸው፤ አልሙቅተጠፍ አሏት፤ ትርጓሜውም ከየዛፉ የተለቀመ ማለት ነው። ምድር ለምን ትንቀጠቀጣለች፥ ፀሐይ በምን ትነዳለች እያለ የሚጠይቅ አንባቢ ሁሉ፥ ነጋዴም ቢሆን ጸሐፊ፥ መልስ የሚፈልግባት መጽሔት ሆነች። ኋላ ወደ ካይሮ ተዛውራ እስከ 1952 ድረስ ኖራለች።

የዶክተሩ ልጅ ዊልያምም የአባቱን ጠባይ ወርሶ ነበር። የቤይሩትን የመንገድ ውሾች ሲመለከት፥ የውጭ አገር ውሾች ከገቡ ወዲህ መልካቸው እንደ ተለወጠ አስተዋለና ነገሩን ጽፎ በእንግሊዝ ወደሚኖረው ወደ ቻርልስ ዳርዊን ላከ። ዳርዊን ጽሑፉን ከራሱ መግቢያ ጋር ለለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር አቀረበው፤ በአፕሪል 18 ቀን 1882 ተነበበ። ዳርዊን በማግሥቱ ሞተ። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ውሾች እንደዚህ ባለ ጉባኤ መነሣታቸው የሚያስገርም ነው።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በኮሌጁ የምረቃ በዓል ላይ የኬሚስትሪና የሥነ ምድር መምህር የሆኑት ኤድዊን ሉዊስ ስለ ዕውቀት፥ ስለ ሳይንስና ስለ ጥበብ ንግግር አደረጉ። የሳይንስን መንገድ ሲያስረዱ ዳርዊንን በምሳሌነት አነሡ፥ ትጋቱንም አመሰገኑ። ንግግሩን ሲፈጽሙ ግን ከሳይንስ በላይ መንፈሳዊውን ጥበብ አስቀምጠው ነበር። ንግግሩ በአልሙቅተጠፍ ታተመ፤ ክርክርም ተነሣ። የኮሌጁ አስተዳዳሪዎችና በአሜሪካ ያሉት የበላዮች ነገሩን ለሃይማኖት የሚያሰጋ አድርገው ቆጠሩት፤ ሉዊስ ሥራቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ከዚያም መምህራን ሁሉ ስለ እምነታቸው በተጻፈ ቃል ላይ እንዲፈርሙ ታዘዘ።

አስተዳዳሪዎቹን እንዲሁ ማውገዝ ተገቢ አይመስለንም። ትምህርት ቤቱ የሚኖረው በምእመናን ስጦታ ነበርና፥ ሰጪዎቹ እንዳይሸሹ መፍራታቸው፥ ስለ ተማሪዎቹም እምነት መጨነቃቸው ሰው የሚረዳው ነገር ነው። የቸኮሉ ይመስለናል እንጂ ክፉ አልነበሩም። ዶክተር ቫን ዳይክ ግን ነገሩን በሌላ ዐይን አዩት። የመጽሐፍ ቅዱስን እያንዳንዱን ቃል በሁለት እጃቸው የመዘኑ ሰው ነበሩና፥ በእምነት ጉድለት ሊከሰሱ አይችሉም። አንድ መምህር መርማሪን በማመስገኑ ብቻ ከወንበሩ መውረዱ ግን ግፍ ሆኖ ታያቸው።

ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ስድሳ አራት ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ዕረፍትን እንጂ ጠብን አይሻም። ከኮሌጁ ቢወጡ ወንበራቸውን ብቻ ሳይሆን ያቋቋሙትን የመመልከቻ ቤት፥ በሥራ ያረጁበትን መነጽር፥ ያሳደጓቸውን ተማሪዎች ይተዋሉ። ዝም ቢሉ ማንም አይነካቸውም ነበር። ሥራቸውን ለቀቁ። ልጃቸው ዊልያምም ለቀቀ። የሕክምና ተማሪዎች በመምህራቸው በሉዊስ ላይ የተደረገውን ተቃውመው ከትምህርት ቀሩ፤ ብዙዎቹም ተቀጡ። ከእነርሱ አንዱ የምግብ ቤት ባለቤት ልጅ የነበረው ጁርጂ ዘይዳን ነው፤ እርሱም ትምህርቱን በዚያ ሳይፈጽም ቀርቶ ወደ ግብፅ ሄደ፥ በ1892ም አልሂላል የተባለችውን ታዋቂ መጽሔት መሠረተ።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ሐኪም ያገለገሉት በቤይሩት በሚገኘው በግሪክ ኦርቶዶክሶች የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ነው። የፕሮቴስታንት ሚስዮናዊ ሆነው የመጡ ሰው በኦርቶዶክሳውያን ቤት ድሆችን ሲያክሙ ታዩ፤ የሆስፒታሉ ሰዎችም ወደዷቸው፥ ምስላቸውንም በእብነ በረድ አስቀርጸው አቆሙላቸው። ያ ሆስፒታል በ2020 በቤይሩት ወደብ በደረሰው ፍንዳታ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር።

የመመልከቻው ቤት ከእጃቸው ቢወጣም ብዕራቸው አልቆመም። ከ1886 ጀምሮ በድንጋይ ላይ መቅረጽ የሚል ስም የሰጧቸውን ትንንሽ መጻሕፍት በተከታታይ አወጡ፤ ስሙ በልጅነት የተማሩት ነገር አይጠፋም ከሚለው የዐረቦች ምሳሌ የተወሰደ ነው። ኬሚስትሪ፥ የተፈጥሮ ሕግ፥ የምድር አቀማመጥ፥ ሥነ ፈለክ፥ ዕፀዋት በየክፍሉ ተጻፉ፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እንኳ ብቻውን እንዲያነባቸው ሆነው ቀረቡ። በ1890 ከመጡ አምሳ ዓመት ሲሞላቸው የየሃይማኖቱ ሰዎች በአንድነት አከበሯቸው። በ1893 ስለ ከዋክብት የጻፉት ሌላ መጽሐፍ ታተመ፤ የሰማያዊው ጉልላት ውበት ይባላል። ሰባ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በኖቬምበር 13 ቀን 1895 በቤይሩት ዐረፉ፥ በዚያውም ተቀበሩ። በራስ ቤይሩት የቆመው የመመልከቻ ቤት እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ግቢ አለ፤ ባሕሩንና ከማዶ የሚታየውን የሊባኖስን ተራራ እያየ።